ድሬ ላይ መስታወት ስንገትር፦ «ካርቦን የፈረንጅ ጭንቀት ነው» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ጽሑፉ በአንድ ቀን ከአራት ሰው ደረሰኝ። አንደኛው የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ «አንብበው፣ ልክ ልካችሁን ነግሯችኋል» ብሎ ነው የላከልኝ። አነበብኩት። ማታ ደግሜ አነበብኩት። ጸሐፊው መጻፍ ይችሉበታል፤ አንዳንድ ቦታ ላይ ብቻዬን ስቄአለሁ። ግን ድሬዳዋ ተወልዶ ላደገ፣ እንጀራውንም ከግንባታ ሳይት ለሚበላ ሰው ዝም ተብሎ የሚታለፍ ጽሑፍ አይደለም።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። መነሻው በእኛ አካባቢ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ወደፊት የሚሠሯቸው የምርምር ሕንፃዎች ምን ይምሰሉ የሚለው ጥያቄ ነው። የጸሐፊው መልስ ግልጽ ነው፦ ከላይ እስከ ታች መስታወት የለበሰ፣ ሙሉ በሙሉ በኤሲ የሚቀዘቅዝ ዘመናዊ ፎቅ ይሠራ። ለምን? መብራታችን ከውኃ ስለሚመነጭ ሕንፃው የፈለገውን ያህል ቢፈጅ ካርቦን የለበትም ይላሉ። አፍሪካ ዓለምን አልበከለችም፣ ዕዳው የእኛ አይደለም። ድንጋይና ኖራ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ላቦራቶሪ ያለ ኤሲ አይታሰብም። እንግሊዝ አገር የተሠራው «ዝቅተኛ ካርቦን» ላቦራቶሪ ራሱ በእሳት ወድሟል። በዚያ ላይ አረንጓዴ ሕንፃ ውድ ነው።

ያጎደልኩባቸው ነገር ያለ አይመስለኝም። አንዳንዱ ላይ ቆም እላለሁ፤ አንዳንዱን ቶሎ አልፈዋለሁ።

ከመብራቱ ልጀምር፤ የጽሑፉ ትልቁ ጡንቻ እሱ ነው። እውነታቸውን ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ ነው የሚመነጨው። 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የሕዳሴ ግድብም በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ከቀረው ውስጥ ብዙው ነፋስ ነው፤ ከእኛ ብዙም በማትርቀው አይሻ እንኳ ተርባይኖች ቆመዋል። ስለዚህ ጣራ ላይ የፀሐይ ፓነል ደርድሮ «ካርቦን ቀነስኩ» ማለት እዚህ አገር ብዙም አያስኬድም። እንዲህ ዓይነቱ ፓነል ብዙ ጊዜ ለምረቃ ፎቶ ነው የሚሰቀለው። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ነኝ።

የደረሱበት መደምደሚያ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ሕንፃ ካርቦን የሚያወጣው ሁለት ጊዜ ነው። አንዱ ሰው ሲገባበት ነው፤ አምፖሉ፣ ኤሲው፣ ማሽኑ። ሌላው ገና ማንም ሳይገባበት ነው፤ ሲሚንቶው ሲቃጠል፣ ፌሮው ሲቀልጥ፣ አሉሚኒየሙ ሲመረት። መብራቱ ንጹሕ በሆነበት አገር የመጀመሪያው ይቀልላል። ሁለተኛው ግን እንዳለ ይቀመጣል። እንዲያውም የሂሳቡ አብዛኛው እሱ ይሆናል። በድንጋይ ከሰል መብራት የሚያመነጭ አገር «ዋናው ጉዳይ ኤሲው ነው» ቢል ያስኬደዋል። ለእኛ ዋናው ግድግዳው ነው። ጸሐፊው የመስታወቱን ፎቅ ለመከላከል የመዘዙት ሰይፍ መስታወቱን ነው የሰበረው።

ቁጥሩን በሳይት ቋንቋ ላስቀምጠው። ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይን ከሸክላ አፈር ጋር ወደ 1,450 ዲግሪ ገደማ በማቃጠል ነው። የሚያጨሰው ማገዶው ብቻ አይደለም። ድንጋዩ ራሱ ውስጡ የታሰረ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለው። ከ100 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ 44 ኪሎው ሲቃጠል ጋዝ ሆኖ ይሄዳል። ምድጃውን በሕዳሴ መብራት ብታነዱትም ይህ አይቀርም። ሲሚንቶ ብቻውን ከዓለም የካርቦን ልቀት ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚይዘው ለዚህ ነው። አንድ ከረጢት ኦፒሲ (ብዙም ነገር ያልተቀላቀለበት ጠንካራው ሲሚንቶ) ተመርቶ እስኪታሸግ ወደ 40 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። 15 ሊትር ናፍጣ እንደማቃጠል ማለት ነው። ሶሌታ (የፎቁ የአርማታ ወለል) በሚሞላበት ቀን ስንት ከረጢት እንደሚቀደድ ሳይት የዋለ ሰው ያውቀዋል። አሉሚኒየም ደግሞ ይብሳል፤ በዓለም አማካይ አንድ ቶን ለማምረት 15 ቶን ያህል ይወጣል። ያ የሚያብረቀርቀው የመስታወት ግድግዳ የቆመው በአሉሚኒየም ነው።

«እሱንማ ከውጭ ነው የምናመጣው፣ ጭሱ እዚያው ቀርቷል» የሚል አስተያየት ከጽሑፉ ሥር አይቻለሁ። ሲሚንቶው ግን እዚሁ ነው። የአገሪቱ የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተተከለው ድሬዳዋ ነው። የኖራ ድንጋዩ እዚህ ስላለ፣ ባቡሩም እዚህ ስለነበረ። ያንኑ ድንጋይ ሳያቃጥሉ ጠርቦ ግድግዳ ማድረግ ይቻላል። ወደዚያ እመጣለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ዘለውታል። መብራት ይሄዳል። ግንቦት ላይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት መብራት ሲሄድ የመስታወቱ ፎቅ ምን ይውጠዋል? መስኮቱ አይከፈትም፤ ለኤሲ ተብሎ የታሸገ ነው። ስለዚህ ጄኔሬተር ይነሣል። ጄኔሬተር ደግሞ ናፍጣ እንጂ የዓባይን ውኃ አይጠጣም። ሙሉ ሕንፃ ለማቀዝቀዝ የሚበቃው ደግሞ ትንሽ ጄኔሬተር አይደለም። ፓነልና ባትሪ ቁም ነገር የሚሆኑት እዚህ ጋ ነው። ሕንፃው ያለ ኤሲ የሚያስቀምጥ ከሆነ፣ መብራት ሲጠፋ መኖር ያለበት ፍሪጁ፣ ኮምፒውተሩና ጥቂት አምፖል ብቻ ነው። ለዚያ የጣራው ፀሐይ ይበቃል።

«አፍሪካ አልበከለችም» የሚለውን ቶሎ ልለፈው፤ ትክክል ነውና። የአንድ ኢትዮጵያዊ የካርቦን ድርሻ ከዓለም አማካይ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ካሣ ይጠየቅ ከተባለ አብሬ እሰለፋለሁ። ግን እኔ በመስታወቱ ፎቅ ላይ ያለኝ ቅሬታ ካርቦኑን ጨርሰን ብንረሳውም አይቀርም። ውስጡ የሚውለው ፈረንጅ አይደለም። የድሬ ሰው ነው የሚውልበት።

«ድንጋይና ኖራ ወደ ኋላ መመለስ ነው» የሚለው ግን አንገበገበኝ። «የዘመናዊ ዩኒቨርሲቲ ፊቱ መስታወት ነው» ይላሉ። እስቲ አንድ ፊት ላሳያችሁ።

ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የትምህርት ተቋም አለ። ምዕራብ የሚያይ ሰፊ የመስታወት ፊት ያለው ሕንፃ አሠርቷል። ከመንገድ ሲያዩት ሰማያዊ ነው፣ ያምራል። ለሌላ ጉዳይ ገብቼ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር። መስታወቱ ከውስጥ በካርቶን ተለጥፏል። ካርቶን ባልደረሰበት ቦታ ላይ የድሮ የፈተና ወረቀት በፕላስተር ተጣብቋል፤ ቢጫ ሆኖ ጫፍ ጫፉ ተጠቅልሏል። ከዚያ በላይ ደግሞ መጋረጃ። ክፍሉ ስለጨለመ አምፖሉ ሁሉ በርቷል። ውጭ ፀሐይ ያቃጥላል፣ ውስጥ በመብራት ይሠራል። ጠረጴዛው ላይ ያለችው ልጅ ጫማዋን አውልቃ ቬንትሌተሩን እግሯ ሥር አድርጋለች። ኤሲው ላይ «ብልሽት» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። «እኛ የምንሠራው ጠዋት ነው» አለችኝ። «ከሰዓትማ ምን ይሠራል አቦ፣ ዝም ብለን ነው የምንቀመጠው።»

ሂሳቡ ከባድ አይደለም። ሰማይ ጥርት ባለ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ወደ ምዕራብ በሚያይ ግድግዳ ላይ በአንድ ካሬ ሜትር 600 ዋት ያህል የፀሐይ ኃይል ይወርዳል። ተራ መስታወት ከዚህ ከግማሽ በላይ ያስገባል። እኔ ግማሹን ብቻ ልያዝ። 10 ካሬ ሜትር መስታወት 3,000 ዋት ሙቀት አስገባ ማለት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ነው። ስለዚህ በየቢሮው አንድ የጋለ ምጣድ ጥደናል። ከዚያ ምጣዱን ለማብረድ ኤሲ እንገዛለን። ጸሐፊው ዘመናዊነት ያሉት ይህን ነው።

አሁን ወደ ድሬው የድሮ ሰፈር፣ ከዚራ ኑ። ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ደርሶ ከተማዋ ከተቆረቆረች በኋላ የተሠሩትን የድንጋይ ቤቶች እዩ። ወፍራም ግድግዳ፣ ከፍ ያለ ኮርኒስ፣ በረንዳ፣ የእንጨት መዝጊያ ያለው መስኮት። ደጁ ላይ ኒም፣ አለዚያም በከተማችን ስም የሚጠራው የድሬዳዋ ዛፍ። አያቴ የኖሩበት ቤት እንዲህ ያለ ነበር። ልጆች ሆነን በሰባት ሰዓት ከትምህርት ቤት ስንመለስ ጉንጫችንን ግድግዳው ላይ እንለጥፍ ነበር፤ ይቀዘቅዛል። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ያው ግድግዳ ለብ ብሏል። ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይተፋዋል። የድሬ ሰው በሙቀቱ ወራት አልጋውን ወደ ግቢ የሚያወጣው ወዶ አይደለም።

«አየህ፣ ድንጋይ ማታ ያፍናል» ሊሉኝ ይችላሉ። ልክ ነው። ለመኖሪያ ቤት ጉድለት ነው። የምርምር ሕንፃ ውስጥ ግን ማታ የሚተኛ የለም። ግድግዳው ሙቀቱን የሚተፋው ባዶ ክፍል ላይ ነው። ከላይ ያሉትን ትንንሽ መስኮቶች ማታ ክፍት አድርጎ የሌሊቱ አየር ግድግዳውን እንዲያበርደው መተው ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሰው ሲገባ የቀዘቀዘ ግድግዳ ይጠብቀዋል። አያቴን ሌሊቱን ሲያስወጣቸው የኖረው ግድግዳ ለቀን ሠራተኛ የተሠራ ያህል ይመቻል።

የፀሐይዋ ነገርም አለ። ትምህርት ቤት ያነበብነው መጽሐፍ «መስኮት ወደ ሰሜን አድርጉ፣ ፀሐይ አይመታውም» ይል ነበር። ለአውሮፓ ነው የተጻፈው። ድሬ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ተኩል ላይ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማገባደጃ የቀትር ፀሐይ የምታልፈው በሰሜን በኩል ነው። ዋናው የሙቀት ወቅታችንም በዚያ ውስጥ ነው። ደግነቱ ከፍ ብላ ነው የምታልፈው፦ በሰኔ በሰሜን በኩል 76 ዲግሪ፣ በታኅሣሥ በደቡብ በኩል 57 ዲግሪ። እንግዲህ ቁመቱ 1 ሜትር ተኩል ለሆነ መስኮት በደቡብ በኩል 1 ሜትር፣ በሰሜን በኩል 40 ሳንቲ ሜትር መከለያ የቀትሯን ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ያስቀራታል። ጠላት ምሥራቅና ምዕራብ ነው፤ እዚያ ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትገባ መከለያ አያቆማትም። ስለዚህ ሕንፃውን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አርዝሞ ማስተኛት፣ ሁለቱን ጠባብ ጫፎች መድፈን። ደረጃውን፣ ሽንት ቤቱን፣ ዕቃ ቤቱን ምዕራብ ጫፍ ላይ ማድረግ። ይህ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ አይጨምርም። ወረቀት ላይ የሚያልቅ ሥራ ነው።

በነገራችን ላይ የድሬውን ንድፍ ሐረማያ ላይ ገልብጡት እያልኩ አይደለም። ከድሬ ወደ ሐረማያ የሚወስደውን የደንገጎ ዳገት ስትወጡ ማንም ሳይነግራችሁ የመኪናውን መስኮት ትዘጋላችሁ። ሐረማያ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ እዚያ ጥያቄው ብርድም ነው። ሐረርም እንዲሁ። ጀጎል ውስጥ ቤቶቹ በድንጋይ ተሠርተው በኖራ ተቀብተው ጎን ለጎን ተጠጋግተዋል፣ መንገዱ ጠቦ በግድግዳ ጥላ ውስጥ ነው የሚኬደው። የሐረሪ ቤት ውስጥ ነደባው (የመቀመጫ መደቡ) ላይ አረፍ ብሎ ያወራ ሰው ማንም ስለ አየር ንብረት ሳይሰብክለት ነገሩ ይገባዋል። ግን ያ የሐረር መልስ ነው። የመስታወቱ ፎቅ ግን ለድሬም፣ ለሐረማያም፣ ለአዲስ አበባም ያው አንድ ሥዕል ነው።

ጸሐፊው ሊያነሡት ሲገባ ያላነሡትን አንድ ነጥብ እኔው ላንሣላቸው። መሬት ይንቀጠቀጣል። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሰው ከፎቅ አስወርዷል። እኛም ከስምጥ ሸለቆው ጫፍ ሩቅ አይደለንም። እንዲሁ የተደረደረ ድንጋይ በዚህ አካባቢ ለፎቅ አይሆንም። ስለዚህ ኮለኑና ቢሙ አርማታ ይሁን። ፌሮም ይግባበት። ሲሚንቶ ይጥፋ ያለ የለም። ክርክሩ ሲሚንቶ የት ይግባ፣ ምን ያህል ይግባ ነው። ለግንብና ለልስን ኦፒሲ ማባከን ምን ይሉታል? ፒፒሲ ይበቃል። ፒፒሲ ውስጥ ከተቃጠለው ድንጋይ ከፊሉ እንደ ፑሚስ ባለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሚተካ ካርቦኑም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ይህን ማንኛውም ፎርማን ያውቃል፤ የሚያደርገው ግን ለዋጋው ብሎ ነው። ግድ የለም፣ ለዋጋውም ቢሆን ያድርገው።

እንጨትም ቢሆን ድሬ ላይ አልመክርም። ምስጡ አይምርም።

ወደ ላቦራቶሪው እንሂድ። «ላቦራቶሪ ያለ ኤሲ አይታሰብም» ግማሹ እውነት ነው። ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ የሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ያለበት ክፍል ድሬ ላይ ኤሲ ይፈልጋል። ፍሪዘሩ የበላውን ኤሌክትሪክ በሙሉ መልሶ ክፍሉ ውስጥ በሙቀት መልክ ነው የሚለቀው። ማይክሮስኮፕ፣ ፒሲአር ማሽን፣ ስሱ ሚዛን አቧራም ሙቀትም አይወዱም። ነፋስ የደቻቱን ደረቅ ወንዝ አሸዋ ሲያነሣ ያየ ሰው ለእነሱ «መስኮት ክፈቱ» አይልም። እኔም አልልም።

ነገር ግን የምርምር ሕንፃ ሁሉ ላቦራቶሪ አይደለም። ቢሮ አለ፣ ኮሪደር አለ፣ መሰብሰቢያ አለ፣ ቡና የሚጠጣበት ጥግ አለ። ተመራማሪ ቀኑን ሙሉ ጓንት አጥልቆ አይውልም፤ ብዙውን ሰዓት ኮምፒውተር ላይ ነው የሚያፈጠው። ለዚህ ሁሉ 22 ዲግሪ ማቅረብ ምን ይባላል? ሕንፃውን እንደ እንቁላል አስቡት። ኤሲ የግድ የሚያስፈልጋቸው ክፍሎች እንደ አስኳል መሐል ላይ ይሰብሰቡ። ዙሪያቸውን ቢሮና በረንዳ ይክበባቸው። ፀሐይ አስኳሉን ሳትነካው በፊት ሁለት ጥላ ታልፋለች። ኤሲውም ትንሽ ይሆናል፣ ጄኔሬተሩም ትንሽ ይሆናል።

ላቦራቶሪ ውስጥ ደግሞ ትልቁ በላተኛ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ነው። የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ የገባ ሰው ፊዩም ሁድ ያውቃል፤ መርዛማ ትነት ወደ ውጭ የሚስበው፣ ፊቱ ላይ ከፍና ዝቅ የሚል መስታወት ያለው ትልቅ ሣጥን። ሰው እንዳይመረዝ አየሩ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ያህል መሳብ አለበት። የሣጥኑ ወርድ 1 ሜትር ተኩል፣ መስታወቱ 50 ሳንቲ ሜትር ከተከፈተ፣ በሰዓት 1,350 ሜትር ኩብ አየር ይወጣል። ክፍሉ 5 በ6 ሆኖ ቁመቱ 3 ሜትር ቢሆን 90 ሜትር ኩብ ነው። በሰዓት 15 ጊዜ ሙሉ የክፍሉ አየር ወደ ሰማይ ተጣለ ማለት ነው። በኤሲ የቀዘቀዘ አየር! በርና መስኮት ከፍቶ ኤሲ እንደማብራት ነው። ይህን የሚያድነው ሕንፃው መስታወት መልበሱ ወይም አለመልበሱ አይደለም። የሣጥኑ መስታወት ዝቅ ሲል የሚስበውን የሚቀንስ ሞተርና ሥራ ሲጨርስ መስታወቱን የሚዘጋ ተማሪ ነው። ፍሪዘሩንም ከ80 ወደ 70 ዲግሪ ማድረግ ብቻ ከፍጆታው ሩብ ያህል ይቀንሳል፤ ብዙ ናሙና ደግሞ በ70 ምንም አይሆንም። ጸሐፊው ስለ ላቦራቶሪ ሁለት ገጽ ጽፈው ስለ ፊዩም ሁድ አንድ ቃል አለመተንፈሳቸው ትንሽ አስገርሞኛል።

ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ብዙ ሰው ሐራሬ ያለውን ኢስትጌት የተባለ ሕንፃ ይጠቅሳል፤ በ1996 እ.ኤ.አ. የተከፈተ፣ የተለመደው ኤሲ የሌለው የቢሮና የገበያ ሕንፃ ነው። እኔ አልጠቅሰውም። ሐራሬ ደጋ ናት፤ ለሐረማያ እንጂ ለድሬ አትመችም። ቱርካና ግን ትመቻለች። ኬንያ ውስጥ፣ ከድንበራችን ማዶ፣ ሙቀቷ ከድሬ የማይተናነስ በረሃ ናት። በቱርካና ሐይቅ ዳር የቡርኪና ፋሶው አርክቴክት ፍራንሲስ ኬሬ በ2021 እ.ኤ.አ. የኮምፒውተር ትምህርት የሚሰጥበት ግቢ ሠርቶ አስረክቧል። ግድግዳው የአካባቢው ድንጋይ ነው። ቅርጹን ከምስጥ ኩይሳ የወሰደ ረጃጅም ማማ አለው፤ የሞቀው አየር በማማው ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ከታች ይገባል። ውስጡ ያለው ሙቀት የማይወደው ኮምፒውተር ነው። ሰውዬው በዓመቱ የአርክቴክቶች ትልቁን ሽልማት ፕሪትዝከርን ተሸለመ፤ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ነው። «ወደ ኋላ መመለስ» እንግዲህ እንዲህ ያሸልማል።

የነደደው ላቦራቶሪ ጉዳይ ደግሞ በግማሽ ነው የተነገረው። ኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ያሠራው የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ነው። አዎ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. ነዷል። ግን ገና በግንባታ ላይ ነበር። ዋናው አካሉ እንጨት ነበር፤ ያላለቀ የእንጨት ሕንፃ ለእሳት የተጋለጠ መሆኑን እኔም አልክድም። ጸሐፊው የዘለሉት ቀጥሎ የሆነውን ነው። እንደገና ተሠርቶ በ2017 እ.ኤ.አ. ተከፈተ፤ ኬሚስቶቹም ሥራ ላይ ናቸው። ደግሞስ እኛ የምናወራው ስለ ድንጋይ ነው። የኖራ ድንጋይ ሲነድ ያየ ሰው ካለ ይምጣ።

የቀረው ዋጋው ነው። እዚህም ላይ የምሰጣቸው አለ። ጥሩ ንድፍ ጊዜ ይፈልጋል፤ ጊዜ ደግሞ ገንዘብ ነው። የተጠረበ ድንጋይ እንደ ብሎኬት ቶሎ አይሄድም። ጎበዝ ጠራቢ ማግኘትም እንደ ድሮው አይደለም። ግን የሉም ማለት ውሸት ነው። ኮብልስቶን ሲጀመር ድሬ ከመጀመሪያዎቹ ከተሞች አንዷ ነበረች። ያኔ መዶሻ የጨበጠው ወጣት ዛሬ የት ነው? አንዱ ባጃጅ ይነዳል፣ ሌላው ታይዋን ገበያ ሱቅ ያስጠብቃል። ድንጋይ መጥረብ አልረሳም፤ ጠይቄዋለሁ።

በሌላ በኩል የመስታወቱን ሂሳብ ጸሐፊው በብር ነው የሠሩት። እሱ ዕቃ ግን ባንክ ኤልሲ ተከፍቶለት፣ በዶላር ነው የሚመጣው። የአሉሚኒየሙ ጥሬ ዕቃ፣ የኤሲው ኮምፕረሰር፣ የሚሞላው ጋዝ፣ መለዋወጫው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በቀናት ውስጥ ከ100 አለፈ። ያን ጊዜ ውል የነበረው ኮንትራክተር ምን እንደደረሰበት እርስ በርሳችን እናውቃለን። የድንጋይ ዋጋም ጨምሯል፤ ናፍጣ ጨምሯልና። ግን የድንጋይ ካቫ ኤልሲ አይከፍትም።

ቅድም የነገርኳችሁ ሰማያዊ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ መስታወት ተሰንጥቋል። ልኩ አገር ውስጥ አልተገኘም። የጥገናው ኃላፊ «ታዟል» ይላሉ። እስኪመጣ ቦታውን በቆርቆሮ ዘግተውታል። ሁለት ክረምት አልፎበት ቆርቆሮው ዝጓል።